«የወንጀል ልቦለድ ማስቲካ ነው» ተባለ፤ እኔ አልስማማም

የመጋላ ልጅ፦
ቅዳሜ ድሬዳዋ ከዚራ በነበረን የንባብ ውይይት ላይ የተባለ አንድ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። «የወንጀል ልቦለድ ማስቲካ ነው። ጣዕሙ እስኪያልቅ ታላምጠዋለህ፣ ከዚያ ትተፋዋለህ» ተባለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ ግን ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል። እዚህ ቡድናችን ውስጥ ልጻፈው።

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጸጥ ሲል መጽሐፌን አወጣለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የመርማሪ መጽሐፍ ሳነብ ኖሬያለሁ። ለምን መሰላችሁ? ሥራዬ ላይ ሰው ሲሞት አያለሁ። አንዳንዴ ለምን እንደሞተ ማንም አይጠይቅም። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይባላል፣ ይቀበራል። መጽሐፉ ውስጥ ግን አንድ ሰው ሲሞት ሌላው ይነሳና «ይሄ ሞት እንዲሁ አይታለፍም» ይላል። ሟቹ ማን ነበር? ያን ቀን ከማን ጋር ሻይ ጠጣ? ማን ቂም ያዘበት? ብሎ ይጠይቃል። የአንድ ሰው ሞት ለሌላ ሰው ግድ ሲሰጠው ማየት ለእኔ ማስቲካ አይደለም።

መምህሩ ከሐረር፦
ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜ ስላልተጠራ አልደበቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ ያመንኩበትን ነው የተናገርኩት። ግን ንግግሬ ተቆርጦ ቀርቧል። «አብዛኛው የወንጀል ልቦለድ» ነው ያልኩት።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ገዳዩን ካወቅሽ በኋላ መልሰሽ ያነበብሽው መጽሐፍ አለ? የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። እስከ መቃብር ነው። እያወቅን እንገባበታለን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን የጨረሰውም ሰው ሬዲዮ ከብቦ ይሰማ ነበር። ሰብለና በዛብህ የት እንደሚደርሱ እያወቀ ያለቅስ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ማለት መጨረሻውን ማወቅ የማይገድለው ነው።

ሳቢያን፦
አቦ መምህር፣ «አብዛኛው» አላልክም። እኔ አጠገብህ ነበርኩ፤ ሙሸበኩን፣ ያን ጣፋጭ፣ ያካፈልኩህ እኔ ነኝ። «የወንጀል ልቦለድ ማስቲካ ነው» ብለህ ነው የጨረስከው። «አብዛኛው» ዛሬ የመጣ ቃል ነው።

አዲስ መጪ፦
ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው «አንተ» ይባላል እንዴ? መከራከር ጥሩ ነው፣ ግን አክብሮት ቢኖረው።

ለገሃሬ፦
ወንድሜ፣ ድሬ ነው ያለኸው። እዚህ «አንተ» ስድብ አይደለም። አያቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት። መርቆኝ ነው የሞተው።

አዲስ መጪ፦
የእናንተ ልማድ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እርስዎ እላለሁ። አልተውም።

መምህሩ ከሐረር፦
ልጆች፣ ይሄን ተዉት። ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ «አንተ» አያስቀይመኝም። ያስቀየመኝ ሳቢያን «ዛሬ የመጣ ቃል» ማለቱ ነው። ውሸታም ማለት ነው። «አብዛኛው» ብያለሁ። ካላልኩም ማለት የፈለግኩት እሱን ነው።

ሳቢያን፦
«ካላልኩም» ብለሃል እንግዲህ። ውሸታም አላልኩህም፣ አልልህምም። ወደ ነገሩ ልግባ።

ኦሮማይ ምንድን ነው? በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ሕዝቡ ለምን ተሻማበት? ሰላይ አለበት፣ ሰርጎ ገብ አለበት፣ ማን የማን ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ገጽ በገለጥክ ቁጥር ልብህ ይንጠለጠላል። መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰቡት። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤት እንደወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ! ይሄ ማስቲካ ነው? ለማስቲካ ሰው ይጠፋል?

መምህሩ ከሐረር፦
ኦሮማይን እዚህ ውስጥ አታስገባው። ኦሮማይን ያቆየው ስለላው አይደለም። ያቆየው ደራሲው ዓይኑ ያየውን ለመናገር መድፈሩ ነው። ስለላው ልብሱ ነው።

የመጋላ ልጅ፦
መምህር፣ ይቺ ናት የምታናድደኝ። የምትወደው መጽሐፍ ውስጥ ስለላ ሲኖር «ልብሱ ነው» ትላለህ። እኔ የምወደው ውስጥ ሲሆን «ማስቲካ» ይሆናል። ያን ሁሉ ገጽ በአንድ ሌሊት ያስገለጠን ምን ነበር? ልብሱ ነው እንጂ! ያለ ልብሱ ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው እንደርስ ነበር?

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ከአሸዋ ገበያ ልናገር። ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ነው የምላችሁ። በሕይወቱ መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ ሲመጣ ልብ አንጠልጣይ ነው የምሰጠው። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። «ሌላ አለህ?» ይለኛል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ራሱ በዓሉን ይጠይቃል፣ ሐዲስን ይጠይቃል። ወፍራሙን መጽሐፍ መጀመሪያ የሰጠሁት ልጅ ግን አይመለስም።

ይልቅ ማስቲካውን ትታችሁ ስለሚገድለን ነገር አውሩ። በቴሌግራም ፒዲኤፍ ስለሚለቁት ሰዎች። ሳቢያን፣ አንተም ከእነሱ አንዱ ነህ።

ሳቢያን፦
እኔ አልለቅም። አነባለሁ። ደመወዜን ታውቀዋለህ። የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
የምታነበው የተሰረቀ ነው። ደራሲው ወረቀት ገዝቶ፣ ማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ ተበድሮ ነው ያወጣው።

ጡረተኛ መርማሪ፦
በሕግም ያስጠይቃል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

ግን ወደ ዋናው ልመለስ፤ ይሄ ርዕስ የእኔ ነው። በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እነዚህን መጻሕፍት አንብቤ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። አነባለሁ፣ እናደዳለሁ። ለምን? መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ይሰበስብና አንድ በአንድ ያጋልጣል። ገዳዩ ደግሞ ቆሞ ይናዘዛል! እኛ ዘንድ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ምስክር ትፈልጋለህ። ምስክሩ ጎረቤት ነው። ነገ ከተከሳሹ ቤተሰብ ጋር በአንድ ዕድር ይቀመጣል። አፉን አይከፍትም። መጽሐፉ ውስጥ ምስክር ሁሉ ይናገራል። የሚዋሸውም እንኳ ይናገራል። በእኔ ሥራ የከበደው ውሸት አልነበረም። ዝምታ ነበር።

ለገሃሬ፦
ይሄን የጻፍከውን መጽሐፍ አድርገው። ወላሂ እገዛዋለሁ። የሚናገር ምስክር የሌለበት የወንጀል ልቦለድ!

መምህሩ ከሐረር፦
ከዚህ ክርክር የረካሁበት ቃል ይሄ ነው። የእኛ ችግር መኮረጅ ነው። ኮት የለበሰ መርማሪ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ፒፓ ያጨሳል። ድሬዳዋ ላይ ምን ዝናብ አለ? ምን ኮት አለ? የወንጀል ልቦለድ ከእኛ አፈር አልበቀለም። ለዚህ ነው ጣዕሙ ቶሎ የሚያልቀው።

ጡረተኛ መርማሪ፦
እዚህ ላይ ግን ተሳስተሃል መምህር። አውጫጭኝን ረሳኸው? አንዳንዱ አፈርሳታ ይለዋል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል የአገሬው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪወጣ እህል ውሃ ሳይል ይውላል። አባቴ ወጣት ሆኖ ተቀምጦበታል። እርስ በርስ መተያየቱን፣ ማን ማንን እንደሚሸሽ፣ ማን ቶሎ እንደራበው ሲያወራ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ይመጣል። ከዚያ በላይ የተጠርጣሪዎች ሳሎን የት አለ?

ጁገል፦
ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ አለ፤ ርዕሱ ራሱ አፈርሳታ ነው። ጎጆው የተቃጠለበት ሰው አለ፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ማን አቃጠለው ይባላል። ሌባ ሻይም አለላችሁ። ብላቴናውን መድኃኒት አጠጥተው ሌባ ፍለጋ የሚለቁት። የወደቀበት ቤት ባለቤት ወዮለት። «ከእኛ አፈር አልበቀለም» የሚለው ቃል መታረም አለበት።

መምህሩ ከሐረር፦
አውጫጭኝን አስታውሼው ቢሆን እንደዚያ አልልም ነበር። ያን ቃሌን ስቤያለሁ። ማስቲካውን ግን አልስብም።

ሳቢያን፦
«አብዛኛው» ማስቲካውን ማለትህ ነው ወይስ ሙሉውን?

አዲስ መጪ፦
እባክህ አንድ ቃል ላይ አትንጠልጠል። እርስዎ መምህር፣ እኔ በእርስዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ልቤ ሲንጠለጠል የአጻጻፉን ውበት ማየት አልችልም። ዓረፍተ ነገር እዘላለሁ። መጨረሻውን ለማወቅ እሮጣለሁ። ስጨርስ ባዶ ነኝ።

ለገሃሬ፦
እሱ ማስቲካ አይደለም፣ ምርቃና ነው። ስትዘል የኖርክ አንተ ነህ፤ መጽሐፉ ዝለለኝ አላለህም። ጎበዝ ደራሲ የምትዘለው ቦታ ላይ ነው ቁልፉን የሚያስቀምጠው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችውን መጽሐፍ ያነበበ ያውቃል፤ እዚያ ገዳዩ
[የቀረው ተሰርዟል]

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ለገሃሬ!! ለምን ጻፍሽው? ትናንት ለአንድ ልጅ የሸጥኩት እሱን ነው። እዚህ ቡድን ውስጥ ነው ያለው።

ለገሃሬ፦
አጥፍቼዋለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ነው። ግን ይቅርታ። ከልቤ።

የመጋላ ልጅ፦
መጽሐፉ መቶ ዓመት ይሁነው እንጂ ልጁ ትናንት ነው የገዛው። ይሄን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አሥረኛ ክፍል ሆኜ መጽሐፍ የምከራይበት ሱቅ ነበር። ምሳዬን ትቼ ነበር የምከፍለው። አንድ ቀን የተከራየሁት መጽሐፍ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ «ገዳዩ ዶክተሩ ነው» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። አለቀስኩ። ባለሱቁ «ምናለበት፣ አንብቢው» አለኝ።

ከዚያ ግን አነበብኩት። መምህር የጠየቅከኝ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ዶክተሩን ከመጀመሪያው እያወቅኩት አነበብኩት። ሟቹን ሲያስታምም አየሁት። እጁን ሲታጠብ አየሁት። ሴትየዋን ሲያጽናና አየሁት። ማንም የማያውቀውን እያወቅኩ ነበር የማየው። ፈራሁ። የሰው ደግ ፊት ከዚያ በፊት አስፈርቶኝ አያውቅም። ገዳዩን ማወቄ መጽሐፉን አልገደለውም፣ ሌላ መጽሐፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የምወደውን ሁሉ ሁለቴ ነው የማነበው። መጀመሪያ እንደ ተታላይ፣ ቀጥሎ እንደ አታላዩ ጓደኛ።

መምህሩ ከሐረር፦
በጥሩ ሁኔታ ተናገርሽው። ግን ሁለተኛው ንባብ የምታነቢው ምንድን ነው? ዘዴውን ነው። እንዴት እንዳታለለሽ። ይሄ የገበጣ ደስታ ነው። ጠጠሩ ከየት ወዴት እንደሄደ ማየት። የሰው ልብ የት አለ?

ሳቢያን፦
ከማስቲካ ወደ ገበጣ ገባን። እድገት ነው።

የመጋላ ልጅ፦
ገበጣን አትናቁብኝ። ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ትንሽ ነው ያለው ማን ነው? ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ካህን ነበር። ራሱም የመርማሪ ልቦለድ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ለእነዚህ መጻሕፍት አሥር ሕግ አወጣ። አንዱ፣ ወንጀለኛው ታሪኩ ገና ሲጀምር የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት ይላል። ሌላው፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ የለበትም ይላል። ይሄ ለእኔ የጨዋነት ሕግ ነው። ደራሲው «ያየሁትን ሁሉ አሳይሃለሁ፤ አንተ ካላየህ ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ይለኛል። እንደ እኩያው ይቆጥረኛል።

መምህር፣ አንተ ራስህ ያስተማርከን ቅኔስ? ሕግ የለውም? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። ወርቁ ከሰሙ ሥር ዓይናችን ፊት ተቀምጧል። እስክናገኘው እንለፋለን። ስናገኘው ጮኸን እናጨበጭባለን። ቅኔ ሰሚ መርማሪ ካልሆነ ማን ነው መርማሪ?

መምህሩ ከሐረር፦
ቅኔን ከዚህ ጋር አታነካኪው። በቅኔ ቤት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ? ተማሪው በረሃብ፣ በብርድ ነው የሚማረው። ወርቁ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሞት ነው። «ዶክተሩ ነው» የሚል ወርቅ የለም። ቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላም ይደገማል። ልጅ ለልጅ ይነገራል።

ለገሃሬ፦
እሷም ያለችህ ይሄንኑ ነው! «ካወቅኩት በኋላ ደገምኩት» አለችህ።

መምህሩ ከሐረር፦
እሷ ደገመችው። ሌላው ይተፋዋል።

አዲስ መጪ፦
እኔ ተፍቻለሁ። ምስክር ነኝ።

ጁገል፦
እኔ ደግሞ ከሁለታችሁም አልስማማም። መልስ የሚሰጠው መጽሐፍ አይበልጥብኝም። ሐረር ጁገል ውስጥ በፈረንሳዩ ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ራምቦ ቤት የምንለው አለ። ፈረንጁ ሁሉ ይመጣበታል። ቤቱ ራሱ በእርግጥ የኖረበት መሆኑ ያከራክራል። ሰውየው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥሙን ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር መጣ። ቡና ነገደ፣ መሣሪያ ነገደ። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። 37 ዓመቱ ነበር። ለምን መጻፍ አቆመ? ይኸው እስከ ዛሬ ይጻፍበታል። መልስ ቢኖረው ኖሮ ማንም እዚያ ደረጃ ላይ አይወጣም ነበር። በዓሉስ? የት ደረሰ? ገና እንጠይቃለን። ትልቁ ምስጢር የማይፈታው ነው። መርማሪው መጨረሻ ላይ ሁሉን ሲፈታልኝ ደስታው ይጠፋብኛል።

ጡረተኛ መርማሪ፦
ጁገል፣ ይሄን የሚለው ያልተፈታ መዝገብ ቤቱ ያልገባ ሰው ነው። የበዓሉ ቤተሰብ «ትልቁ ምስጢር የማይፈታው ነው» ብሎ ደስ የሚለው ይመስልሃል? በጠረጴዛዬ ላይ ተዘግቶ የቀረ መዝገብ አለ። እናትየው በየወሩ ትመጣ ነበር። ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ምንም አትልም። እኔም የምላት የለኝም። አሁን ጡረታ ወጥቼ መጽሐፍ የማነበው ለዚህ ይመስለኛል። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሰው ለአንዲት እናት መልስ ሲሰጥ ለማየት። እናደድበታለሁ አልኩ። ግን አነበዋለሁ።

ጁገል፦
ልክ ነህ። የበዓሉን ነገር ከግጥም ጋር መደባለቅ አልነበረብኝም። የራምቦውን ግን አልተውም።

የመጋላ ልጅ፦
ጋሼ፣ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም መጀመሪያ ላይ ልል የፈለግኩት ይሄንን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያው ኪራይ ሱቅ የመጣ ሌላ መጽሐፍ እጄ ላይ አለ። ሱቁ ሲዘጋ ባለሱቁ ሰጠኝ። በጋዜጣ የተለበጠ ነው፣ ሽፋን የለውም፣ ርዕሱን አላውቅም። የትርጉም ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ፔንሲዮን ውስጥ አንዲት አሮጊት ሞታ ትገኛለች። ሰባት እንግዶች አሉ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቀድደዋል። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መምህር፣ መጨረሻ የሌለው ማስቲካ ስድስት ጊዜ ይታኘካል?

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ቆይ። የአሮጊቷ ሰዓት ቆሞ የተገኘበት ነው? ወንድሟ ነኝ የሚል አንካሳ ሰውዬ አለ?

የመጋላ ልጅ፦
አዎ!! አዎ። አለ።

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ሙሉው አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረተኛ የሸጡልኝ ካርቶን ውስጥ ነበር። ነገ ነይና ውሰጂ።

ሳቢያን፦
አቦ! አሥራ አራት ዓመት! ነገ ጠዋት ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።

የመጋላ ልጅ፦
አላውቅም። ልቤ መታ። ልምጣ?

መምህሩ ከሐረር፦
ይኸው ልጄ። ለምን አመነታሽ? ካወቅሽው እንዳያልቅብሽ ፈርተሽ ነው። ቅዳሜ ያልኩት ይሄንን ነበር።

የመጋላ ልጅ፦
ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ጣዕሙ ያልቃል ብዬ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት ሰው ንጹሕ ከሆነስ ብዬ ነው።

ጡረተኛ መርማሪ፦
ይሄን ስሜት አውቀዋለሁ። ሂጂና አንብቢው።

ለገሃሬ፦
ማንን ነው የጠረጠርሽው?

የአሸዋው መጽሐፍ ሻጭ፦
ለገሃሬ፣ እባክሽ!

የመጋላ ልጅ፦
ነገ ከተረኝነት ስወጣ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሸዋ ነኝ። ስንት ነው?